አልገጥም ያለው ማቀዝቀዣ

ሰኔ 11 ቀን 2006፣ እንጅባራ

ዛሬ የትሕትናን መዝሙር መልሼ ሰማሁትና አንጀቴ አረረ። ድምጿ ጥሩ ነው፤ እሱን ማንም ያውቃል። ከድምጿ ሥር ግን የኮምፒውተሩ ፋን እንደ እህል ወፍጮ ያጓራል። እሷ ትንፋሽ ስትወስድ እሱ ይገባል፤ እሷ ዝቅ ስትል እሱ ከፍ ይላል። የመዘምራኑ አልበም ሁለት ድምፃዊ ያለው ነው የሚመስለው፤ አንዷ ሰው፣ አንዱ ቆሻሻ።

የምንቀርጸው ከጸሎት ቤታችን አዳራሽ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት ነው። ግድግዳዋን በቀርከሃ ምንጣፍና በአሮጌ ብርድ ልብስ የሸፈንኳት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩንም ከእኔ ሌላ የሚነካው የለም። ቀን መነኸሪያው አጠገብ ባለችው ሱቄ የሰው ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ከዚያ መጥቼ ደግሞ የጌታን ኮምፒውተር እጠግናለሁ።

ለጋሽ አስማረ አሰማኋቸው። የመዘምራን ኮሚቴው ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና ተባረክ፣ ግሩም ነው አሉኝ። ፋኑስ ብላቸው፣ የምን ፋን አሉ። መዘምራኑን አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ የሰማ የለም። ይህ ሁሉ ጆሮ የተፈጠረው ጉትቻ ለማንጠልጠል ብቻ ነው?

ትሕትናንም ጠየቅኋት። ከፋርማሲው በቀጥታ ስለመጣች ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም ነበር። እኔን አይረብሸኝም፣ አንተን ከረበሸህ ግን ይስተካከል አለችኝ።

ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣው ፋን ወጥቶ ትልቅና ዝምተኛ ማቀዝቀዣ ይገባል። ጊዜ የለንም። ጢሞቲዎስ የሚባል የአሶሳ ወንጌላዊ ለትሕትና ሽማግሌ ልኳል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኒሁ ጋሽ አስማረ ናቸው። እሷ አልበሙ ይለቀቅና መልሴን እሰጣለሁ ብላለች አሉ። እሺ ካለች አሶሳ ትገባለች፣ ድምጿም አብሯት ይሄዳል። መልሷ እኔን አይመለከተኝም። እኔን የሚመለከተኝ ቀረጻው ነው።

ሰኔ 17

ጠሃ ዘንድ ሄድኩ። የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ነው፤ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። የምፈልገውን ስነግረው ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆለፈና፣ በእንጅባራ ብርድ ማቀዝቀዣ? ኮምፒውተሩን ደጅ አውጥተህ አሳድረው፣ ጠዋት በረዶ ሆኖ ታገኘዋለህ አለኝ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። አገሩ በሙሉ ቀልደኛ ሆኗል። ከአዲስ አበባ አስመጣልሃለሁ አለ፣ ስቆ ሲጨርስ።

ጋሽ አስማረም ፈቅደዋል። ሲፈቅዱ "ቶሎ ይምጣና ቶሎ እንጨርስ" አሉ፤ ደግመውም አሉት። የቸኮሉት ለመዝሙሩ አይመስለኝም።

ሰኔ 26

መጣ። ካርቶኑን ልከፍት ስል ጋሽ አስማረ ከእጄ ወሰዱት። አዲስ ዕቃ በምዕመኑ ፊት ተጸልዮበት ለጌታ ሳይሰጥ አይከፈትም። ማይክራፎኑም፣ ጄኔሬተሩም እንዲያ ነው የተደረገው። እስከ እሁድ እሳቸው ቤት ያድራል። ቁም ሳጥናቸው ውስጥ፣ ከቆዳ ጫማቸው ጋር።

ሰኔ 29፣ እሁድ

ካርቶኑ መድረኩ ላይ ተቀምጦ አረፈደ። ጋሽ አስማረ ለሕዝቡ ሲያስተዋውቁ "ማቀዝቀዣ ተገዝቷል" ብቻ ብለው አለፉ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ በዚህ ክረምት ደግሞ ሊያቀዘቅዙን ነው ወይ ብለው ጎረቤታቸውን ሲጠይቁ ሰማሁ። ግማሹ ሰው አዳራሹን የሚያቀዘቅዝ መስሎት ነው የጸለየው።

ከዚያ ከፈቱት። አውጥተው ከፍ አደረጉት። አንድ ጥቅል ጎመን ያህላል፤ ከጎኑ ፋን፣ መሃሉ የተደረደረ ስስ ብረት፣ ሥሩ እንደ መስተዋት የሚያበራ መዳብ። ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ እጃቸውን ጫኑበት፤ ከዚያ ዲያቆናቱ፣ ከዚያ መዘምራኑ። ስንቱ በቅባት የራሰ ጸጉሩን ደባብሶ እንደመጣ ከኋላ ሆኜ አይቻለሁ። ያ መዳብ ጣት ከነካው ዋጋ የለውም። አላስቻለኝም፤ ሥሩ ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፎ ስላየሁ "ላስቲኩን እንዳትልጡት" ብዬ ጮኽኩ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ጋሽ አስማረ በማይክራፎን፣ ወንድም ሉቃስ አይዞህ፣ አንልጠውም አሉኝ።

እዚህ አገር አዲስ ዕቃ ላስቲኩ እስኪያረጅ አይላጥም። የሽማግሌዎቹ ወንበሮች ከተገዙ ጀምሮ ላስቲካቸው አልወለቀም፤ በጸሎት መሃል ሲንኮሻኮሹ በሰማሁ ቁጥር ይቀፈኛል። ዛሬ ግን ለላስቲክ ተከራከርኩ።

ትሕትና ከመዘምራኑ መሃል ዞር ብላ አየችኝ። ትሳቅብኝ ትዘንልኝ አልለየሁም።

ሐምሌ 2

ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ከፍቼ ዘግቼ ልሄድ አስቤ ነበር። አቧራው ተጋግሮ የበግ ጠጉር ሆኗል። የደረቁ በረሮዎች አሉ። ከሥር አይጥ የመዝሙር ወረቀት ከታትፋ ጎጆ ሠርታለች፤ ሽንቷ ብረቱ ላይ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። በየሳምንቱ በዚህ ጉድ ላይ እጃችንን ጭነን ስንጸልይ ነው የኖርነው። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። እህቴ የሻረግ ድንች በሚጥሚጣ አቅርባልኝ ሳልቀምስ ተነሳሁ።

መብራት ስላልነበረ ትሕትና በስልኳ አበራችልኝ። ጎጆውን ስጠርግ እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ እሷ አላዞረችም። ከፋርማሲው አልኮልና ጥጥ ይዛ መጥታ ነበር። ምን እንደሚያስፈልገኝ እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኋትም።

የድሮውን ፋን ሳወጣ ከፕላስቲክ እግሮቹ አንዱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። እንግዲህ መመለስ የለም።

ሐምሌ 3

በችኮላ። ሱቅ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል።

አይገባም። ከማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ነገር ከተሰካበት ሰሌዳ፣ ጀርባ የሚታሰር ብረት አለው። ኬዙ፣ ሳጥኑ፣ ደግሞ በጀርባው ዝግ ነው። ስለዚህ ሁሉም ይወጣል። ሽቦው፣ ብሎኑ፣ ሁሉም። አንድ ፋን ለመቀየር ቤት ማፍረስ። መመሪያው ጽሑፍ የለውም፤ ፊት የሌለው ሰው በአንድ እጁ ሲገጥመው የሚያሳይ ሥዕል ብቻ። እኔ ሦስት እጅ ኖሮኝ አልቻልኩም፤ ሦስተኛው የትሕትና ነው።

ሐምሌ 9

አራት ብሎን አለው፤ እያንዳንዱ ሞላ ላይ ተቀምጧል። አንዱን ሲያጠብቁት ማዶ ያለው ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ያን ሲይዙት ይኼኛው። ብረቱ ከመልፈስፈሱ የተነሳ ካቻቢቴው ጭንቅላታቸውን በልቶ ጨርሶታል። የሠራው ፋብሪካ ሠራተኞቹን ከየት እንደሚቀጥር እንጃ። አንዱ ብሎን ወድቆ ከምንጣፉ ሥር ገባ። እኔና ትሕትና ተንበርክከን ስንፈልግ ጭንቅላታችን ሊጋጭ ምንም አልቀረውም። አገኘችው። የሆነው ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አልሆነም።

ዛሬ አንድ ሐሳብ አመጣች። አሮጌውን ፋን በሽቦ ጠፍረን እናስረውና ኮምፒውተሩን ወደ ዘበኛው ክፍል እናውጣው፣ ግድግዳውን በስተን የማይክራፎኑን ሽቦ ብቻ እናስገባው፣ እዚያ የፈለገውን ይጩኽ አለች። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ለመብሳት አያስቸግርም። እኔ ግን የረዘመ ሽቦ ሌላ ጩኸት ይስባል አልኳት። ትክክል ነኝ፤ ሊስብ ይችላል። ትንሽ አየችኝና "እሺ፣ አንተ ታውቃለህ" አለች። ይህን አንተ ታውቃለህ የሚሉትን ነገር አልወደውም።

ከዚያ ስልኳ ጠራ። ወጥታ ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆማ አወራች። ለመስማት ብዬ አልተጠጋሁም፤ ዝናብ ስለነበረ ጮክ ብላ ነው የምታወራው። ገና ነው ስትል ሰማሁ። ሉቃስ አልጨረሰም፣ እስኪጨርስ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ አለች። ብሎኑን ከሚገባው በላይ አጠበቅሁት። አንድ ነገር ቀጭ አለ።

ስትመለስ ማን ነው አላልኳትም። ማን እንደሆነ ማወቅ ምን ያደርግልኛል።

ሐምሌ 10

ቀጭ ያለው የብሎኑ ማሰሪያ ነው። ማዘርቦርዱ ደህና ነው። ማሰሪያውን በቀርከሃ ስንጥር አጥብቄ ደገፍኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይኸም አንድ ቀን ይፈታል። አስቀያሚ ሥራ ነው። የሌላ ሰው ቢሆን ስቄበት በነበረ።

ሐምሌ 15

ገጠመ። እልል ማለት ቀረኝ። አበራሁት፣ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ በዚያች ቤት ሰምቼ አላውቅም። ትሕትና ማይክራፎኑ ፊት ቆመች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ጀመረች፤ ሁለተኛውን ስንኝ ሳትጨርስ ኮምፒውተሩ ጠፋ። አበራሁት፣ እንደገና ጠፋ። ከፍቼ በጣቴ ዳሰስኩ። ከሥር የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ይፋጃል፤ ከላይ ማቀዝቀዣው እንደ ውሻ አፍንጫ ቀዝቃዛ ነው። ይኸ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ፔስቱ አንሶት ይሆናል ብዬ ፈታሁት። ያን በሁለቱ መሃል የሚቀባውን ግራጫ ጭቃ ጨምቄ ጨረስኩት። ተርፎ በጎን ፈሰሰ። ጣቴ፣ ሸሚዜ፣ ጆሮዬ፣ የበሩ እጀታ፣ ሁሉም ላይ ነው። በሳሙና አይለቅም፤ ሲያሹት ይባስ ይሰፋል። የሻረግ ትራሴ ላይ አግኝታው ምን በሽታ ያዘህ ብላ ደነገጠች። ስነግራት፣ ለጌታ ሥራ እንዲህ የተለቀለቀ ሰው ዓይቼ አላውቅም አለች። ንፍጥ ይመስላል፤ ስጽፍ እንኳ ያቅለሸልሸኛል።

ሐምሌ 21

አሁንም ይጠፋል።

ጠሃ የውሸት ዕቃ ነው ያመጣልኝ። ሱቁ ሄጄ ሰው ፊት ነገርኩት። አጭበርባሪ የሚለው ቃል ከአፌ ወጣ። ጠሃ ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ዕቃው ከተበላሸ እመልስልሃለሁ። ሰው ፊት ግን ስሜን አታጥፋ" አለ። ደግሞ ለመሆኑ ማቀዝቀዣውና ፕሮሰሰሩ በደንብ ተነካክተዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተነካክተዋል ወይ! እኔን! ትቼው ወጣሁ።

መንገድ ላይ ጋሽ አስማረ ያዙኝ። የአሶሳው ሰው ትዕግሥቱ እያለቀ ነው፣ ልጅቱም አልበሙ ካልወጣ አልመልስም ብላ ግግም ብላለች፣ ምን ይሻላል ይሉኛል። እኔ ስለ ማቀዝቀዣ አወራለሁ፣ እሳቸው ስለ ሠርግ። ያቺ ቀጭን ፈገግታቸው አለች፤ ሳያት ደሜ ይፈላል።

ሐምሌ 27፣ እሁድ

ላስቲኩን አልላጥኩትም።

ከአምልኮ በኋላ ትሕትና እያበራችልኝ ፈታሁት። ገልብጬ አየሁት። ያ ስስ ላስቲክ እዚያው ሥሩ ላይ አለ፤ ሙቀት አኮማትሮት፣ ፔስቱን ከላዩ አዝሎ፣ እንደ ቆሰለ ቆዳ ተጨማዷል። ይህን ሁሉ ጊዜ ያበሰልኩት ላስቲክ ነው። መዳቡ ፕሮሰሰሩን አንድ ቀን እንኳ ነክቶት አያውቅም።

እንደ ሌላው ሰው ረስቼው ቢሆን ምንም አልነበረ። እኔ ግን በምዕመኑ ፊት ተነስቼ እንዳትልጡት ብዬ ጮኼ ነው ያስቀረሁት። የሽማግሌዎቹን ወንበር የምጸየፍ ሰው! ጥጉን ይዤ ልጥፉን ስልጠው ከጣቴ ጋር ተጣብቆ አልለቅ አለኝ። ተፋሁ፣ እዚያው ጸሎት ቤት ግቢ ውስጥ።

ትሕትና አይታለች። መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ አልቻለችም፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ዓይቻት አላውቅም። ለማንም እንዳትነግሪ አልኳት። ፈገግ ብዬ ብለው ይሻል ነበር፤ ተቆጥቼ ነው ያልኩት። ሳቋን አቋረጠችና ለማንም አልነግርም አለች።

ጠሃን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ነገ።

ሐምሌ 30

ጠሃን አልጠየቅሁም። በሱቁ በር ሳልፍ ስልክ የማወራ መሰልኩ።

ነሐሴ 5

ሠራ። አይግልም፣ አይጠፋም። ግን አዲስ ጣጣ አምጥቷል። ሆዱ ሰፊ ስለሆነ አንዱን የሚሞሪ ማስገቢያ ሸፍኖታል፤ ኬዙም አልዘጋ ብሏል። ክዳኑን ክፍት ትቼዋለሁ፤ አይጧ ተመልሳ ትምጣና እንደ ቤቷ ትዝናና።

ደግሞ የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል። ሽቦ ከፋኑ ጋር ተነካክቶ ይሆናል ብዬ ሽቦውን ሁሉ አሰርኩ። አሁንም ቀጭ ቀጭ። ትሕትና ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችና፣ የእኔ ሰዓት ነው እኮ አለች። አውልቃ ደጅ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። አሁንም ይሰማኛል አልኳት። እሷም ክንዷን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ጠሃን ዛሬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ደንበኞቹ ፊት ነው የጠየቅሁት፣ በሰደብኩት ቦታ። ተቀበለኝ፤ እጄን ጨበጠኝ። ቀልዱን ግን አቆመ።

ነሐሴ 11

ጋሽ አስማረ መጥተው ሰሙና፣ ይኸው ዝም ብሏል፣ ቅረጹ አሉ። ገና ነው አልኳቸው። ምኑ ነው ገና? አሉ። ዝናቡ፣ ቆርቆሮው፣ የጋሪ ፈረስ ኮቴ፣ የማዶው ወፍጮ። ፋኑ ዝም ካለ ወዲህ የእንጅባራ ጩኸት ሁሉ ወደ ጆሮዬ ገብቷል። ዝናቡ ሲያባራ እንቀርጻለን ቢባልም እዚህ አገር ነሐሴ ላይ ዝናብ አያባራም፤ ትንፋሽ ይወስዳል እንጂ።

ከሰዓት ግን አባርቶ ነበር። ረዘም ላለ ጊዜ ነው ያባራው። ጋሪ አላለፈም፣ ወፍጮውም ቆሞ ነበር። ትሕትና ማይክራፎኑ ፊት ተዘጋጅታ ቆማ ነበር። እኔ ማቀዝቀዣውን ፈትቼ በእጄ ይዤ ነበር። የሆነ ድምፅ ሰምቼ ነው የፈታሁት። ሰምቼ ነው።

እራት ላይ የሻረግ፣ ያቺ ልጅ እዚያ ዕቃ ቤት ብርድ እየጠጣች ምን ትጠብቃለች አለችኝ። ቀረጻውን አልኳት። ድንቿን እየላጠች በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረመች። ከዚያ በአማርኛ "ወንድማለም፣ ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" አለች። እኔ ደጃዝማችነት አልፈለግሁ፤ ምን አገናኘው?

ነሐሴ 18

ጨርሰውኛል።

የሰኔው ቀረጻ ኮሚቴው ዘንድ በፍላሽ ነበር። ያ ፋኑ የሚያጓራበት። ጋሽ አስማረ ሳይነግሩኝ ባሕር ዳር ልከው በሲዲ አስባዝተውታል። ሽፋን ሁሉ አሠርተውለታል፤ አበባና ርግብ ያለበት። ለምን ብላቸው፣ "ልጄ፣ ያንተን ፋን ስንጠብቅ ጥምቀት ይገባል" አሉኝ። ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እጃቸው የነካኝን ቦታ ማጠብ ነው ያማረኝ።

ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ሰማሁት። የባጃጁ ሞተር፣ የተቀደደ ስፒከር፣ ሸራውን የሚደበድብ ዝናብ፣ በዚያ ሁሉ መሃል ትሕትና፣ ከሥሯ የእኔ ፋን። ባለባጃጁ አብሮ ያንጎራጉራል። ከተማው ሁሉ ወዶታል። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ይኸ ጩኸት ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ ደስ ባለኝ ነበር። መበላሸቱ አይደለም የሚያቃጥለኝ፤ ተበላሽቶ መልካም መባሉ ነው። ታዲያ እኔ ክረምቱን በሙሉ ምን ስሠራ ነበር?

አልበሙ ወጣ ማለት መልሷንም ትሰጣለች ማለት ነው። ጋሽ አስማረ የቸኮሉት ለዚህ ነው። ኮሚቴ ሆነው መዝሙር ያበላሻሉ፣ ሽማግሌ ሆነው ሰው ያጋባሉ። አንገፈገፉኝ።

ነሐሴ 24

ዛሬም መጣች። አልበሙ ወጥቷል፣ የምትቀርጸው የለም፣ መጣች። ልማድ ሆኖባት ይሆናል። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስፈታ ስገጥም አየች። የተሸፈነውን የሚሞሪ ማስገቢያ ለማስለቀቅ ፋኑን ወደ ላይ እያነሳሁ ነበር። አሶሳ ስለሚሉት ነገር ምን አሰብሽ ልላት አፌን ከፈትኩና ስለ ሚሞሪ አወራኋት። ብዙ አወራኋት። ሰማችኝ። ስትወጣ በሩን ዘግታ ሳትጨርስ ቆም አለች፤ የረሳችው ነገር ያለ መስሎኝ ዙሪያውን አየሁ።

ጳጉሜን 2

የዛሬውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ። ነገ ዞሬ ለራሴ ሌላ ነገር እንዳላወራ።

ከፋርማሲው በቀጥታ መጣች። ዝናቡ ጃንጥላዋን አልፎ ትከሻዋን አርሶታል። እኔ መዳቡን በአልኮል ጠርጌ፣ አዲስ ፔስት ቀብቼ፣ ማቀዝቀዣውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ነው የደረሰችው። መብራት የለም። ምንም ሳትል ስልኳን አበራችልኝ።

"ነገ ጋሽ አስማረ መልሴን ሊሰሙ ቤት ይመጣሉ" አለች።

እ፣ አልኩ።

"ሉቃስ፣ እኔ ክረምቱን ሙሉ እዚህ የተመላለስኩት ፋኑ ዝም እንዲል አልነበረም።"

የምመልሰውን አውቀው ነበር። ሰኔ ላይም አውቀው ነበር፤ ከሰኔ በፊትም። ምላሴ ላይ ነበር። ዓይኔን ከመዳቡ ሳላነሳ "ፔስቱ ሳይደርቅ መግጠም አለብኝ" አልኳት።

መብራቱን አላጠፋችም። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጥብቄ እስክጨርስ ድረስ አበራችልኝ። ያ ሲፈናጠር የኖረ ሁሉ ዛሬ አንዱም ሳያስቸግር ገባ። ከዚያ "በል እንግዲህ፣ ገጠመልህ። ደህና ሁን" አለችና ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች።

ፔስት አይደርቅም። ተከፍቶ ቢያድር፣ ቢሰነብትም አይደርቅም፤ ይህን እኔ ጠንቅቄ አውቃለሁ። በረሮውን፣ የአይጧን ሽንት፣ ያን የተጨማደደ ላስቲክ ዓይቻለሁ፤ ራሴን ያህል ግን የቀፈፈኝ የለም። ግቢውን አቋርጣ እስክትወጣ ረጅም መንገድ ነው፤ ጭቃ ስለነበረ ቀስ ብላ ነው የሄደችው። መጥራት ይቻል ነበር። እኔ ካቻቢቴዬን እየጠረግሁ ቆምኩ።

መስከረም 4፣ 2007

እሺ ብላለች። ጋሽ አስማረ በማስታወቂያ ሰዓት ተናገሩት፣ ሕዝቡ እልል አለ። የሻረግ ዞራ አላየችኝም። ሠርጉ ጥቅምት ላይ እዚሁ አዳራሻችን ነው። ድምፁን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ።

ጥቅምት 15

ክረምቱ ወጥቷል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቆርቆሮው ዝም ብሏል።

ጢሞቲዎስ ደህና ሰው ነው። ልጸየፈው ፈልጌ ምክንያት አጣሁ። ማይክራፎኑን ኮቱ ላይ ሳደርግለት ወንድም ሉቃስ ተባረክ፣ ትሕትና ብዙ ነግራኛለች አለኝ። ምን እንደነገረችው አልጠየቅሁትም፤ መቼ ጠይቄ አውቃለሁ።

መጋቢው ፈቅደሻል ወይ ሲሏት አዳራሹ ጸጥ አለ። ሕፃን አላለቀሰም፣ ጋሪ አላለፈም። አንገቷን ቀና አድርጋ "አዎን፣ ፈቅጃለሁ" አለች። እኔ ዕቃ ቤት ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ማቀዝቀዣው ጎኔ ላይ እየዞረ ነው፤ መዞሩን በዓይኔ እንጂ በጆሮዬ አላውቀውም ነበር።

ሰው ሁሉ ሄዶ ካለቀ በኋላ መልሼ ከፈትኩት። ድምጿ ብቻውን ነው። ከሥሩ ምንም የለም። ፋን የለም፣ ዝናብ የለም፤ ከመናገሯ በፊት የሳበችው ትንፋሽ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ አድርጌ ልይዘው የደከምኩለት ድምፅ ይኸው ተያዘ። እንደገና ከፈትኩት፤ ደግሜም ሰማሁት፤ አቅለሸለሸኝ።